ቀለበቱን ለጊጌስ ማን ሰጠው?

ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን ከሚነሡት ክርክሮች አብዛኞቹ ሲነጋ ይረሳሉ። አንዱ ግን አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሣል፤ «ማንም እንደማያይህ፣ ማንም እንደማይደርስብህ እርግጠኛ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚለው። መጀመሪያ ሳቅ ይሆናል። አንዱ ባንክ ይገባል፤ አንዱ የፈተና ወረቀት የተቆለፈበት ካዝና አጠገብ ይገኛል፤ አንዱ ደግሞ ወደ ሴቶች ሕንፃ ያቀናል (ይህኛው መቼም ቀርቶ አያውቅም)። በመጨረሻ ከአልጋው ጥግ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የቆየ አንድ ልጅ «እኔስ ምንም አላደርግም» ይላል። የሚያምነው ግን የለም።

ጥያቄው የእኛ ፈጠራ አይደለም። የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን አፍላጦን የሚሉት ፕላቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት «ሪፐብሊክ» የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ፣ በሁለተኛው ክፍል ላይ ይህንኑ ጥያቄ በገዛ ወንድሙ በግላውኮን አፍ አስነሥቶታል። ታሪኩ አጭር ስለሆነ ላላነበበው ልንገረው።

የልድያን ንጉሥ በጎች የሚጠብቅ አንድ እረኛ ነበረ። ከዕለታት አንድ ቀን በጎቹን በሚያሰማራበት ሥፍራ ኃይለኛ ዝናም ወረደ፤ ምድር ተናወጠች፤ መሬቱም ተሰንጥቆ ገደል ሆነ። እረኛው እየተደነቀ ወደ ገደሉ ወረደ። በዚያም ብዙ የሚያስገርም ነገር አየ፤ ከሁሉ የበለጠው ግን ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ትንንሽ በሮች ያሉት የነሐስ ፈረስ ነበር። ጎንበስ ብሎ በበሩ ቢመለከት ከሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ ሬሳ ተጋድሟል። ሬሳው ጣቱ ላይ ካጠለቀው የወርቅ ቀለበት በቀር ምንም የለውም። እረኛው ቀለበቱን አውልቆ ወጣ።

እረኞቹ በየወሩ እየተሰበሰቡ የመንጋውን ነገር ለንጉሡ ያሳውቁ ነበር። ያ ሰው በስብሰባው መካከል ተቀምጦ ሳለ እንዲያው ሲነካካው የቀለበቱን ፈርጥ ወደ መዳፉ ቢያዞረው፣ አጠገቡ ያሉት ሰዎች እሱ እንደ ሄደ ሆነው ስለ እሱ ማውራት ጀመሩ። ፈርጡን ወደ ውጭ ሲመልሰው እንደገና ታየ። ደጋግሞ ሞከረው፤ አልከሸፈም። ወዲያው ወደ ንጉሡ ከሚላኩት መልእክተኞች አንዱ ለመሆን ተሯሯጠና ሆነ፤ ቤተ መንግሥት ገብቶ ንግሥቲቱን አባበለ፤ ከእሷ ጋር ዶልቶ ንጉሡን ገደለ፤ ዙፋኑን ያዘ። ከእረኝነት እስከ ዘውድ አንድ ገጽ አይሞላም።

ግላውኮን ይህን የሚያወራው ለጨዋታ አይደለም። እንዲህ ያሉ ሁለት ቀለበቶች ቢኖሩና አንዱ ለጻድቅ፣ አንዱ ለዐመፀኛ ቢሰጥ፣ ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው ይላል። ሰው ፍትሕን የሚያከብረው ወዶ ሳይሆን ተገድዶ ነው ባዮች ነን የሚሉትን ሰዎች ክርክር እስከ መጨረሻው ገፍቶ ለሶቅራጥስ ማቅረቡ ነው። ብዙዎቻችን የምንዘልለው ግን የዚህ ክርክር ሌላ ግማሽ አለ። ፍጹም ዐመፀኛ የሆነው ሰው በሁሉ ዘንድ ደግ ተብሎ ሲከበር፣ ፍጹም ደግ የሆነው ሰው ደግሞ እንደ ክፉ ተቆጥሮ ሲገረፍ፣ ሲታሰር፣ ዓይኑ ሲወጣ፣ በመጨረሻም ሲሰቀል አስቡ ይለናል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? እንግዲህ በዚህም ሥዕል ውስጥ መሰወር አለ፤ እዚህ ላይ የተሰወረው የደጉ ሰው ደግነት ነው። ማንም አላየለትም። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሶቅራጥስ መልስ ለመስጠት የቀረውን መጽሐፍ በሙሉ ፈጅቷል። ባሳጥረው አበላሸዋለሁ፤ ነገር ግን ፍትሕ የነፍስ ጤንነት ነው፣ ዐመፀኛ ሰው በውስጡ እርስ በርሷ የምትዋጋ አገር ተሸክሞ ይዞራል የሚል ነው። በ10ኛው ክፍል ላይ የጊጌስን ቀለበት በስሙ ጠርቶ፣ ነፍስ ቀለበቱ ቢኖራትም ባይኖራትም ፍትሕን ልታደርግ ይገባታል ብሎ ይዘጋዋል።

«ኧረ እንዲህ ያለ ቀለበት የለም፤ ስለሌለ ነገር ምን ያጨቃጭቀናል?» የሚልም አይጠፋም። ይህም ቢሆን ያረጀ መልስ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት «ስለ ግዴታዎች» የተባለውን መጽሐፍ ሲጽፍ እንዲህ የሚሉ ፈላስፎችን ገጥሟቸዋል። አለ ወይስ የለም ብሎ የጠየቃችሁ የለም፣ ቢኖር ምን ታደርጋላችሁ ነው የተባላችሁት፣ ለዚህ መልሱ ይላቸዋል። መጽሐፉን የጻፈው አቴና ላይ ይማር ለነበረው ለልጁ ለማርቆስ ነው። (ማርቆስ ከመጽሐፉ ይልቅ ጽዋውን ይወድ ነበር እየተባለ ይታማል፤ መቼም የተማሪ ነገር!) በዓመቱ፣ በ43፣ ሲሴሮ ራሱ ተገደለ። የሮማ ሦስቱ ገዦች የሚገደሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር አስጽፈው ነበር፤ ከስሞቹ አንዱ የእሱ ነው። ገዳዮቹ በጠራራ ፀሐይ መጡ። ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ስለነበረ መደበቅ አላስፈለጋቸውም።

እኔን የሚከነክነኝ ታዲያ ይህ ነው። ክርክራችን ሁሉ የሚጀምረው ቀለበቱ ጣት ላይ ከገባ በኋላ ነው። ከየት መጣ? መሬት ተሰነጠቀ፣ ተገኘ! ልክ እንደ ሎተሪ። ሰጪ የለውም፤ ሰጪ ከሌለ ደግሞ የሚጠየቅ የለም። የቀረው የእረኛው ልብ ብቻ ነው፤ ያንን ገልጠን አየነው፣ ክፉ ሆኖ አገኘነው፣ የሰው ልጅ ክፉ ነው ብለን ተኛን። እኔም በዚህ ስተኛ ኖሬ ነበር። አንድ ቀን ግን ጊጌስ የሚባለው ሰው የእውነት ሰው መሆኑን አነበብሁ።

ጊጌስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ምዕራብ ቱርክ በምንለው አገር፣ በልድያ የነገሠ ሰው ነው። ዋና ከተማው ሰርዴስ ነበረች፤ ከራእየ ዮሐንስ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት የአንደኛዋ ከተማ ሆና የምናውቃት ሰርዴስ። የአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓል ባስጻፈው ዜና መዋዕል ውስጥ ስሙ ይገኛል። ኪሜራውያን የሚባሉ ወራሪዎች ሲያስጨንቁት ወደ አሦር መልእክተኛ ላከ፤ በኋላ ግን ከአሦር ሸሽቶ ለግብፅ ጦር ሰደደ፤ በመጨረሻም በእነዚያው ወራሪዎች እጅ ወደቀ። አሦራውያን ስሙን የጻፉት «ጉጉ» ብለው ነው። ለአማርኛ ጆሮ ከዚህ የሚስማማ ስም ከየት ይመጣል? ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ዝምድና የለውም፤ ቢሆንም ለእረኛው ያምርበታል። (በሁለተኛው ክፍል ያለው የግሪኩ ንባብ እረኛውን የጊጌስ ቅድመ አያት ያደርገዋል፤ በ10ኛው ክፍል ግን ቀለበቱ የራሱ የጊጌስ ነው። ሊቃውንት ይሟገቱበት፤ እኛ እንለፈው።)

ከፕላቶ ቀደም ብሎ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት፣ ሄሮዶቱስ የጊጌስን ነገር በታሪኩ የመጀመሪያ መጽሐፍ ላይ ጽፎታል። በሄሮዶቱስ ዘንድ ቀለበት የሚባል ነገር የለም። እረኛም የለም። ጊጌስ የንጉሥ ካንዳውሌስ የቅርብ ዘበኛ ነው። ንጉሡ በሚስቱ ውበት ከመመካቱ የተነሣ፣ ማውራቱ አልበቃው ብሎ፣ ጊጌስ ራቁቷን ካላያት አላርፍም ይላል። ጊጌስ ይቅርብኝ ብሎ ለመነ። አልተሰማም። ንጉሡ ራሱ ወስዶ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ አቆመው። ንግሥቲቱ ልብሷን አውልቃ ወደ አልጋዋ ስትሄድ ጊጌስ ሹልክ ብሎ ወጣ፤ እሷ ግን ሲወጣ አየችው። አልጮኸችም። የባሏ ሥራ መሆኑ ገባትና ዝም አለች። ሲነጋ ጊጌስን አስጠርታ፣ ወይ ካንዳውሌስን ገድለህ እኔንም መንግሥቱንም ትወስዳለህ፣ ወይ አሁኑኑ ትሞታለህ፣ ምረጥ አለችው። መኖርን መረጠ። ጩቤ አስያዘችውና ከዚያው በር ጀርባ ደበቀችው። ንጉሡ እንቅልፍ ሲወስደው አለቀለት።

ሕዝቡ ለቁጣ ተነሥቶ ነበር፤ ነገሩ ወደ ዴልፊ ንግርት ተመራና ንግርቱ ለጊጌስ ፈረደለት። ብቻ በቀሉ በ5ኛው ትውልድ ይመጣል የሚል ቃል ተጨመረበት። 5ኛው ትውልድ ማለት በሀብቱ ስሙ የተነሣው ክሮይሶስ ነው፤ በ546 ግድም በፋርሱ ቂሮስ እጅ ወደቀ። ጊጌስ ግን ለዴልፊ ወርቅና ብሩን ልኮ በሰላም ነገሠ።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ንግሥቲቱ በሁለቱም አለች፤ የተገደለው ንጉሥ በሁለቱም አለ፤ ዙፋኑም አለ። በፕላቶ ዘንድ የጠፋው በሩ ነው። በሩ ቀለበት ሆኗል። በሩ ግን ባለቤት ነበረው! ጊጌስን መጀመሪያ የሰወረው ንጉሡ ነው። ሰዓቱን የነገረው፣ የሚቆምበትን ቦታ ያሳየው፣ አይዞህ አታይህም ያለው ንጉሡ ነው። ዘበኛው መሰወር አልፈለገም፤ ታዘዘ። ስለዚህ ሰው ባይታይ ምን ያደርጋል ብለን ስንጠይቅ፣ ማን ነው እንዳይታይ ያደረገው የሚለውን ጥያቄ ሳናውቀው ከገደሉ ውስጥ ጥለነው እንወጣለን።

ሌላም አለ። ጊጌስ ይሰወር ዘንድ አንዲት ሴት ዓይን እንደሌላት መቆጠር ነበረባት። ካንዳውሌስ ውበቷን ሲያወራ ውሎ ሲያወራ የሚያድር ሰው ነው፤ ነገር ግን ሚስቱ ዘወር ብላ ልታይ እንደምትችል፣ አይታም ነገር ልታስብ እንደምትችል በልቡ አልመጣም። በዚያ ክፍል ውስጥ በእውነት ያልታየችው እሷ ናት። ሄሮዶቱስ ስሟን እንኳ አልጻፈልንም።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል ከረምሁና ያንን የማታ ጥያቄ ለአንዲት የክፍላችን ልጅ አቀረብሁላት። ማንም ባያይሽ ምን ታደርጊ ነበር? ብዙም አላሰበችም። «ማታ ብቻዬን ከላይብረሪ እስከ ሕንፃችን እሄድ ነበር፤ ቀስ ብዬ» አለች። ሌላስ? «ሌላማ ምን እፈልጋለሁ።» እኛ ባንክ እየሰበርን ሳለ እሷ መራመድ አሰበች። ያ ወደ ሴቶች ሕንፃ የሚያቀናው ልጅ ቀልድና የዚህች ልጅ መልስ የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ መሆናቸውን ለማየት ፍልስፍና የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ግላውኮን ሁለቱን ቀለበቶች ለጻድቅና ለዐመፀኛ ሰጠ። ለሚያይና ለሚታይ ቢሰጣቸው ኖሮ ክርክሩ በየት በኩል ይሄድ ነበር?

ስለ ቀለበቱም ራሱ አንድ ነገር ልበል። በጥንት ዘመን ቀለበት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ማኅተምም ነበር፤ ባለቤቱን የሚያሳውቅ። በክብረ ነገሥት ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ቀለበቱን የሰጣት ወንድ ልጅ ከተወለደ ምልክት እንዲሆነው፣ አባቱ እንዲያውቀው ነው። ያኛው ቀለበት የማን መሆንህን ይናገራል። የእረኛውም ቀለበት ፈርጡ ወደ ውጭ ሲሆን ሰውዬው ይታያል፤ የሚሰወረው ፈርጡ ወደ መዳፍ ሲዞር ብቻ ነው። እኔ ይህን እንደ ፊርማ አየዋለሁ። እጅ ይሠራል፤ ስሙ ግን መዳፍ ውስጥ ተጨብጧል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ለዚህ ወርቅ አያስፈልገንም፤ አንዲት «ተ» ትበቃናለች። ሕፃን ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር «ሰበርሁት» አይልም፤ «ተሰበረ» ይላል። ይኸው ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ቢሮ ሲገባ «ተወስኗል»፣ «ታዟል»፣ «እንዲህ ተብሏል» ይላል። ማን ወሰነ? ማን አለ? ባለ ጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቆቡን እያሻሸ «ጌታዬ፣ ምን ደረሰልኝ?» ሲል «ፋይልዎ ጠፍቷል» ይባላል፤ ፋይሉ ጫማውን አጥልቆ በገዛ እግሩ የወጣ ይመስል። እዚያ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። ቤቱ ሲሄድ ጎረቤቱን የሚጠይቅ፣ ልቅሶ የሚደርስ፣ ዕድሩን የሚከፍል ሰው ነው። ብቻ ቢሮው ከበሩ ጀርባ አቁሞታል። ሰዋስው የሚያስተምሩን መምህራን ይህን «ተገብሮ» ይሉታል፤ እኔ ግን በቃሉ ላይ የጊጌስ ፈርጥ ሲዞር እሰማለሁ።

ትንሹ ምሳሌ ከእኛው ቤት አለ። ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የተዋስሁት መጽሐፍ ከመካከሉ ዐሥራ ሁለት ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቶ አገኘሁ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልተላገም። ቆራጩ ተማሪ ነው፤ ምናልባትም ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ሰነፍ ለዐሥራ ሁለት ገጽ ምላጭ ይዞ አይመጣም። በር ላይ የሚፈትሸው ዘበኛ አላየውም፣ እውነት ነው። ግን የዘበኛው ነገር ለእኔ ጥቂቱ ነው። ምላጩን ሲያሳርፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ያንኑ መጽሐፍ የሚከፍት ሌላ ሰው አልታየውም። እሱ ከእኛ ተሰወረ ብንልም፣ በፊት እኛ ከእሱ ተሰውረን ነበር። እኔ ገጹ ያለበትን ሌላ ቅጅ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ዞርሁ፤ ከእኔ በኋላ የመጣውም እንዲሁ ይዞራል። ስሙን ባውቀው ምን እንደምለው አላውቅም፤ ምናልባት ፊቴን ብቻ ባሳየው ይበቃ ነበር።

ወደ እረኛው ልመለስ። እረኛው ቀለበቱን ሳያገኝስ ይታይ ነበርን? የንጉሥን በግ የሚጠብቅ ሰው ነው። ንጉሡ ስለ እሱ የሚያውቀው በወር አንድ ጊዜ የሚመጣውን የበግ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከጎደለ ይታያል፤ ካልጎደለ የለም። በየቤታችንም እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። እንግዶች ተቀምጠው የጎረቤቱን ገመና፣ የዘመዱን ዕዳ፣ የባለቤትየዋን ሕመም ሲያወሩ፣ ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ለእጅ መታጠቢያ መካከላቸው ቆማለች። ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የለም። ስትወጣም ስትገባም ወሬው አይቋረጥም። የእረኛው ጓደኞች እሱ እንደሌለ ሆነው ስለ እሱ ማውራት ጀመሩ ሲባል የሚደንቀን ለምንድን ነው? ልጅቱ ቀለበት ሳታጠልቅ በየቀኑ የሚሆንባት ይኸው አይደለም? ሆኖም እንዲህ ተሰውራ ኖራ ከሳጥን አንዲት ሳንቲም ያላነሣች ስንት አለች! ግላውኮን ፍጹም ደግ ሆኖ ደግነቱ የማይታይለት ሰው ምን ይመስላል ብሎ ሲያስብ ግርፋትና ስቅላት ድረስ ሄደ። ያን ያህል መሄድ አያስፈልገውም ነበር፤ ጓዳ ድረስ ቢሄድ ያገኛት ነበር። እንዲያውም ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት። ለጥርጣሬ ሲሆን ትታያለች።

ጽሑፌን በረቂቁ ያየ ጓደኛዬ አንድ ተቃውሞ አነሣብኝ፤ ጥሩ ተቃውሞ ነው። «መሰወርን ሁሉ በክፉ አደረግኸው። በእኛ አገር የሚሰወሩት ቅዱሳን አይደሉም?» አለኝ። ልክ ነው። በገዳማቱ፣ ይልቁንም በዋልድባ፣ በሰው ዓይን የማይታዩ ስውራን አሉ ተብሎ ይታመናል። የሰው ዓይን እንዳይደርስባቸው፣ ውዳሴ እንዳይበላቸው ይሰወራሉ። በስውር መመጽወትም ወንጌል የመከረው ነው። ግላውኮን ይህን ዓይነት ሰው በፍጹም አላሰበውም፤ ቀለበቱን የሚያገኝ ሁሉ ለመውሰድ ይሮጣል እንጂ ከመወደስ ለመሸሽ ይፈልገዋል ብሎ አልገመተም። ባለፈውም ወር የጎደለበትን ተማሪ ዩኒፎርም አስገዝቶ፣ ማን እንደ ገዛለት እንዳይነገረው ያስማለ ሰው አውቃለሁ።

ተቃውሞውን እቀበላለሁ፤ ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። ስውሩ መነኩሴም ሆነ ያ ዩኒፎርም የገዛው ሰው ራሳቸውን ሲሰውሩ ሌላውን ሰው ይበልጥ አጥርተው ያዩታል። የተቀበለው ልጅ እንዳያፍር ብሎ ነው የተደበቀው፤ ኀፍረቱን አስቀድሞ አይቶለታል ማለት ነው። ካንዳውሌስና ገጽ ቆራጩ ግን በዚያ በኩል ያለውን ሰው አጥፍተው ነው የሚጀምሩት። የደካማ ሰው መደበቅም አለ፤ በደል አይቶ፣ ስሙን ቢጽፍ እንጀራውን ወይም ራሱን የሚያጣ ሰው ስም የሌለው ወረቀት በበር ሥር ቢያሾልክ፣ እሱን ከእረኛው ጋር አልቆጥረውም። እዚህ ላይ ግን ሚዛኑ እንደሚያስቸግር አልክድም። ስም የሌለው ወረቀት በደለኛውን ያጋልጣል፤ ስም የሌለው ወረቀት ንጹሕ ሰውም አስበልቶ ያውቃል። ወረቀቱ አንድ፣ ፈርጡ አንድ። መለያው ጸሐፊው በወረቀቱ የሚነካውን ሰው ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ጽፎ እንደሆነ ነው ብል፣ ያንን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ማን ነው? ጓደኛዬ በዚህ ላይ አልለቀቀኝም፤ እኔም የምጨምረው አጣሁ።

እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1897 እ.ኤ.አ. ባወጣው ልብ ወለድ ውስጥ የማይታይ ሰው አድርጎ የሣለው ግሪፈን ድሮ የሕክምና ተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ የእኛው ቢጤ። ዌልስ ከፕላቶ የተሻለበት አንድ ነገር አለ፤ መሰወር ምን እንደሚመስል ከሥጋው ጋር አስቦበታል። ግሪፈን ልብስ ከለበሰ ልብሱ ይታያል፤ ስለዚህ በለንደን ክረምት ራቁቱን ይንቀጠቀጣል። የበላው ምግብ እስኪዋሐደው ድረስ ሆዱ ውስጥ ይታያል። እግሩ ዱካ ይተዋል፤ ውሻ ያሸተዋል። ለዚያ ምርምሩ ሲል የአባቱን እጅ ገንዘብ ሰርቆ ነበር፤ ገንዘቡ የሌላ ሰው አደራ ስለነበረ አባትየው ራሱን ገደለ። ግሪፈን ይህን ሲናገር አያዝንም። ያኔ ገና ይታይ ነበር።

እንግዲህ እኛም አንድ ቀን ተመርቀን እንወጣለን። አንዳችን ቀይ እስክሪብቶ ይሰጠዋል፤ አንዳችን ክብ ማኅተም፤ አንዳችን «በግልባጭ» እያለ የሚጽፍበት ጠረጴዛ። መሬት ተሰንጥቆ የምናገኘው የለም፤ በደብዳቤ፣ በቁጥርና በቀን ነው የሚሰጠን። ሰጪውም እንደ ካንዳውሌስ አይዞህ፣ ስምህ አይነሣም ሊለን ይችላል። ከእኛ መካከል ጊጌስ እንዳደረገው መጀመሪያ ይቅርብኝ የሚል እንደሚኖር አምናለሁ። ጊጌስም ብሎ ነበር፤ ጌታው ሁለተኛ ጊዜ ሲያዝዘው ግን ከበሩ ጀርባ ሄዶ ቆመ። ሄሮዶቱስ በለመነበትና በቆመበት መካከል ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አይነግረንም። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ላውቀው የምፈልገው ያንን ጊዜ ነበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ የነሐሱ ፈረስ። ከውስጡ የተጋደመው ሬሳ ያ ቀለበት ጣቱ ላይ ነበረ። ከእረኛው በፊት ባለቤቱ እሱ ነው ማለት ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ምናልባትም በዘመኑ ኃያል የነበረ ሰው። ማን እንደሆነ፣ ፈረሱ ውስጥ ማን እንዳስገባው፣ ቀለበቱን ማን እንደሰጠው፣ ሲሞት ማን እንዳለቀሰለት የጠየቀ የለም፤ እረኛው አልጠየቀም፣ ግላውኮን አልጠየቀም፣ ሶቅራጥስም ያን ሁሉ ሌሊት ሲያወጋ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ እሱ አላነሣም። ቀለበቱ ተወሰደ፤ ሬሳው እዚያው በጨለማው ውስጥ ቀረ።